በቀልና ራስን መከላከል ለየቅል ናቸው፦ «የማይበቀል ሕዝብ ይደፈራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የማይበቀል ሕዝብ ይደፈራል» በሚል ርእስ ሰሞኑን ለንባብ የበቃውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ እስራኤልና ፍልስጤማውያን ግጭት ያላቸውን አቋም ሳያድበሰብሱ አስቀምጠዋል። ጥቃት በደረሰ ቁጥር አጸፋው ፈጣንና ከደረሰው ጉዳት የከበደ መሆን አለበት ይላሉ። በዚያ ምድር ትዕግሥት እንደ ድክመት ይቆጠራል፣ የ2002ቱ የዌስት ባንክ ዘመቻም ይህን አረጋግጧል ይላሉ። የትዕግሥትን ፍሬ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በ2005 ከጋዛ መውጣት ያስከተለውን ይመልከት ሲሉ ይመክራሉ። በአጸፋው ለሚሞቱ ሰላማውያን ተጠያቂው በመካከላቸው የሚሸሸገው ታጣቂ ብቻ እንደሆነ፣ ታጋቾችንም ያስመለሰው ጉልበት እንደሆነ ጽፈው፣ ትዕግሥትን የሚሰብኩት ሮኬት የማይደርስባቸው ሰዎች ናቸው በሚል ይደመድማሉ። ለእነዚህ ነጥቦች ምላሽ አለኝ። ዓመታቱንና ወራቱን እሳቸው እንዳደረጉት በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከመደምደሚያቸው ልጀምር፤ በቀጥታ እኔን ይመለከታልና። የምኖረው አሽቀሎን ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተን በሜይ 1991 በሰለሞን ዘመቻ እዚህ የገባን ቤተሰቦች ነን። ሮኬት ሲተኮስ ከማስጠንቀቂያው ጩኸት እስከ ፍንዳታው ድረስ በከተማችን ያለን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ሕንፃችን ከቆዩት አንዱ በመሆኑ «ማማድ» የሚባለው የተጠናከረ ክፍል የለውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚሰበሰበው ደረጃው ላይ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በ30 ሰከንድ ከአልጋዋ ተነሥታ ደረጃው ድረስ መድረስ አትችልም። ስለዚህ ተኩሱ በጀመረ ቁጥር ፍራሿን ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮት በሌለበት ግድግዳ ሥር አነጥፍላታለሁ፤ እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ሌሊት መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «የእኛ ነው የእነሱ?» አውሮፕላኖቻችን ጋዛን ሲደበድቡም የቤታችን መስታወት ይርገበገባልና። «የእኛ ነው፣ ተኚ» እላታለሁ። እሷ ትተኛለች፤ እኔ ግን ያ ድምፅ ማዶ የወደቀበት ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ እያሰብኩ የነጋብኝ ሌሊት ብዙ ነው። በሌላ በኩል ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ ያንኑ ጩኸት ሰምቶ፣ ያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ጸሐፊው ከደረሱበት ድምዳሜ ደርሷል። ሁለታችንም እኩል ነው የምንፈራው። እንግዲህ ክርክሩ በመኖሪያ አድራሻ የሚዳኝ አይደለም፤ ማስረጃውን ማየት ይኖርብናል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና በቃሉ ትርጉም ላይ እንስማማ። ጸሐፊው «አጸፋ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የማይገናኙ ነገሮችን አጭቀዋል። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጠዋት በጋዛ ድንበር አጠገብ ወዳሉት ወደ በኤሪ፣ ወደ ክፋር ዓዛና ወደ ናሓል ዖዝ የገቡትን የሐማስ ታጣቂዎች ተዋግቶ ማስወጣት ራስን መከላከል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 51 ያጸደቀው መብት ነው፤ እኔም ስለ እሱ ቅንጣት ጥርጥር የለኝም። ሮኬትን አየር ላይ ማምከን፣ ቦምብ ታጥቆ የተነሣን ሰው መንገድ ላይ መያዝ፣ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቦታን ማፍረስ ከዚሁ ይመደባሉ። አጸፋ የምለው ጥቃቱ ካለፈ በኋላ «ዋጋውን ይወቁት» ተብሎ የሚሰነዘረውን ምት ነው። ዓላማው ማሳመም ሲሆን ስሌቱ ደግሞ ያመመው ሰው ዳግመኛ አይሞክርም የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ አጸፋ መመዘን ያለበት በራሱ ሚዛን ነው፤ ከምቱ በኋላ የሚቀጥለው ጥቃት ቀረ ወይስ መጣ? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ለ2002 ብቻ አቅርበው አልፈዋል። እኔ ከ1953 እጀምራለሁ።

በዚያ ዓመት ኦክቶበር 12 ሌሊት ከዮርዳኖስ ግዛት ድንበር ተሻግረው የገቡ ሰዎች ይሁድ በምትባል ከተማ ቤት ውስጥ ቦምብ ወርውረው አንዲት እናትን ከሁለት ልጆቿ ጋር ገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ በአሪኤል ሻሮን የሚመራው ዩኒት 101 የተባለ ጦር ከሌሎች ወታደሮች ጋር ሆኖ በዚያው በዮርዳኖስ ግዛት ቂብያ ወደምትባል መንደር ገባና 45 ያህል ቤቶችን በፈንጂ አፈረሰ። 69 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የዚያችን እናትና የልጆቿን ደም ያፈሰሰው የቂብያ ሰው ስለመሆኑ የቀረበ ማስረጃ አልነበረም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሞሼ ሻሬት ዘመቻውን ተቃውመው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ቤን ጉሪዮን ደግሞ በሬዲዮ ቀርበው ድርጊቱን የፈጸሙት የድንበር ነዋሪዎች እንጂ ጦሩ አይደለም አሉ። ጠላትን ለማስተማር ተፈጸመ የተባለን ሥራ መንግሥት ራሱ በአደባባይ መካዱ ብዙ ይናገራል። የጸጥታው ምክር ቤት በኖቬምበር በውሳኔ 101 እስራኤልን አወገዘ። ጥቃቱስ ቆመ? አልቆመም፤ በማርች 1954 ማዓሌ አክራቢም በሚባለው የኔጌቭ ዳገት በአንድ አውቶቡስ ላይ 11 መንገደኞች ተገደሉ።

ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1955፣ የእስራኤል ጦር ጋዛ ውስጥ የነበረውን የግብፅ ጦር ሰፈር መትቶ ወደ 40 የሚጠጉ ወታደሮችን ገደለ። የግብፁ መሪ ገማል አብደል ናስር ከዚያ በኋላ ፊዳዪን የሚባሉትን ሰርጎ ገቦች እያደራጁ ማሰማራት ያዙ፤ በሴፕቴምበር ከቼኮዝሎቫኪያ ጦር መሣሪያ ለመግዛት መስማማታቸውን ይፋ አደረጉ፤ በማግሥቱ ዓመት ጦርነት ሆነ። ናስር የጋዛው ምት ባይኖርም ወደዚያው ማምራታቸው አይቀርም ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ይሁን እንበል። እነሱ ትክክል ከሆኑ እንኳ ምቱ ያስቀረው ነገር የለም ማለት ነው።

ጸሐፊው ምንም ያላሉበት፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደኝ የ1982ቱ ነው። በጁን 3 ምሽት ለንደን ውስጥ አንድ ታጣቂ በእስራኤል አምባሳደር ሽሎሞ አርጎቭ ጭንቅላት ላይ ተኮሰ። ተኳሹ የአቡ ኒዳል ቡድን አባል ነበር። አቡ ኒዳል ደግሞ ከፍልስጤማውያኑ መሪ ከያሲር አራፋት ጋር ከተለያየ ዓመታት ያስቆጠረ፣ የአራፋት ድርጅት ራሱ ሞት የፈረደበት ሰው ነው። የእስራኤል የስለላ ሰዎች ይህን ለካቢኔው ለማስረዳት ቢዘጋጁም አድማጭ አልነበረም፤ ቤይሩት ያሉት የአራፋት ሰፈሮች በማግሥቱ ተደበደቡ፣ ጁን 6 ቀን ታንኮች ሊባኖስ ገቡ። ጥቂት ሳምንት የታሰበው ዘመቻ 18 ዓመት ፈጅቶ በሜይ 2000 አበቃ። የአራፋት ሰዎች ከቤይሩት ወጡ፤ እነሱ በለቀቁት አገር ላይ ግን ሒዝቦላ በቀለ፤ እሱም ከወጡት ይልቅ ብርቱ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሁሉ መካከል አርጎቭ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ለወራት ራሳቸውን ሳያውቁ ቆይተው ከነቁ በኋላ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ በስማቸው የተጀመረውን ጦርነት የሚነቅፍ ቃል አስጽፈው በ1983 አወጡ። ደሙ የፈሰሰው ሰው በቀሉን አልፈለገም። አቡ ኒዳል ግን የተመኘውን አገኘ፤ አንዲት ጥይት ተኩሶ ሁለቱን ጠላቶቹን አጋጨ።

የጸሐፊው ስሌት ያላየው ይህን ይመስለኛል። አጸፋው ከጥቃቱ ቀጥሎ ወዲያው እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን የሚመርጠው አጥቂው ነው። የሚሳሳለት ወገን የሌለው፣ ሕዝቡ ሲመታ ምልምሉ የሚበዛለት ድርጅት ያንን ምት በዕቅዱ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚነሣው። የሚዋጋ ወገን በራሱ ጊዜና በራሱ ምርጫ መምታት ሲገባው፣ የበቀል መርሕ ይህን ምርጫ ለጠላቱ አሳልፎ ይሰጣል።

ወደ 2002 እንምጣ፤ ጸሐፊው የሚተማመኑበት ነጥብ ነውና ላድበሰብሰው አልፈልግም። በማርች 27፣ በፋሲካ ራት ሰዓት፣ ኔታንያ በሚገኘው ፓርክ ሆቴል አንድ አጥፍቶ ጠፊ 30 ሰዎችን ገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ጦሩ ወደ ዌስት ባንክ ከተሞች ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት እየቀነሰ መጣ። ይህ እውነት ነው፤ አውቶቡስ ስንሳፈር የምንፈራው ፍርሃት እየቀለለን መምጣቱን አስታውሳለሁ። ነገር ግን ጥቃቱን የቀነሰው ምኑ ነው? ጦሩ ከተሞቹ ውስጥ ቆይቶ ሰዎችን ሌት ተቀን እየለየ ማሰሩ፣ የስለላ መረቡ፣ በዚያው ዓመት መሠራት የጀመረው አጥር፣ በኋላም ማሕሙድ አባስ በጃንዋሪ 2005 የፍልስጤማውያን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው በፌብሩዋሪ ሻርም ኤል ሼክ ላይ የተኩስ አቁም መታወጁ፣ ከ2007 ወዲህ ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትራቸው በሰላም ፋያድ ጊዜ የፍልስጤም የጸጥታ ኃይሎች ከእስራኤል ጋር እየተናበቡ መሥራታቸው ነው። ከእነዚህ አንዱም ማሳመምን ዓላማው ያደረገ አይደለም። አጥሩና እስሩ በፍልስጤማውያን ኑሮ ላይ ያስከተሉትን ሥቃይ አልክድም፤ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የምለው ለጥቃቱ መቀነስ ምስጋናው የሚገባው ለበቀል አይደለም ነው።

ንጹሕ ማሳመም የሆነውን እርምጃ ደግሞ ጦሩ ራሱ መርምሮታል። በሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ዘመን የአጥቂዎችን ቤተሰቦች ቤት ማፍረስ የዘወትር ቅጣት ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰዋል። በሜጀር ጄኔራል ኡዲ ሻኒ የተመራው የጦሩ ኮሚቴ ጉዳዩን አጥንቶ፣ ቤት ማፍረሱ ጥቃትን ስለመግታቱ አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለና የሚያፈራው ጥላቻ ከጥቅሙ እንደሚያመዝን ደመደመ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩም በፌብሩዋሪ 2005 አሠራሩን አስቆሙ። በኋላ ተመልሶ መምጣቱ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ጸሐፊው የዚያን ዘመን ልምድ ሲጠቅሱ ይህን ማለፋቸው አሳዝኖኛል፤ ከሠላም ሰባኪዎች የመጣ አስተያየት ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ የመጣው ግን ከወታደሮቹ ነው።

ከፓርክ ሆቴሉ እልቂት በፊት የሆነውም መነገር አለበት። በዲሴምበር 16 ቀን 2001 አራፋት ተኩስ አቁም አውጀው ነበርና ጥቂት ሳምንታት አንጻራዊ ጸጥታ ሆነ። ጃንዋሪ 14 ቀን ቱልካረም ውስጥ የአራፋት ድርጅት የሆነው የፋታህ ታጣቂዎች መሪ የነበረው ራኢድ ካርሚ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። ሰውየው እጁ በእስራኤላውያን ደም የተነከረ ስለመሆኑ ክርክር የለኝም። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ቀን የፋታህ የታጠቀ ክንፍ የሆነው የአል አቅሳ ሰማዕታት ብርጌድ ሰው ሐዴራ ውስጥ ድግስ ላይ የነበሩ 6 ሰዎችን ገደለ፤ ተኩስ አቁሙም በዚያው ፈረሰ፤ ብርጌዱ ወደ አጥፍቶ መጥፋት የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1996ም እንዲሁ ነበር። የሐማስ ቦምብ ሠሪ የነበረው ያሕያ አያሽ ጃንዋሪ 5 ቀን ሲገደል ብዙዎቻችን እፎይ አልን፤ በፌብሩዋሪና በማርች በኢየሩሳሌም፣ በአሽቀሎንና በቴል አቪቭ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለእነዚህ ሁለት ጊዜያት የተተረተ ይመስለኛል።

«ትዕግሥት ተሞክሮ አልሠራም፤ ከጋዛ ወጣን፣ ሮኬት ከፈሉን» ለሚለው ነጥብ ምላሼ ትዕግሥት የተባለው ነገር አልተሞከረም የሚል ነው። በ2005 መውጣቱ ከአባስ ጋር በስምምነት አልተፈጸመም፤ ጦሩ በራሱ ውሳኔ ለቅቆ ሲወጣ ሐማስ «በጠመንጃዬ አስወጣኋቸው» ለማለት ተመቸው፤ በጃንዋሪ 2006 ምርጫም ከ132 የምክር ቤት መቀመጫ 74ቱን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እንቁጠር። በ2008 ማብቂያ የጀመረው ጦርነት ለሦስት ሳምንት ቆይቶ 1,400 ገደማ ፍልስጤማውያንና 13 እስራኤላውያን ሞቱ። በ2012 ስምንት ቀን ተዋጋን። በ2014 ጦርነቱ 51 ቀን ፈጀ፤ በተባበሩት መንግሥታት ቆጠራ 2,251 ፍልስጤማውያን፣ በእስራኤል በኩል 73 ሰዎች ሞቱ። በ2021 አሥራ አንድ ቀን ተዋጋን። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል? የጦሩ ሰዎች ራሳቸው «ሣር ማጨድ» ይሉት ነበር፤ እያደገ ሲመጣ ማጨድ፣ እንደገና ሲያድግ እንደገና ማጨድ። በእነዚያው ዓመታት ሮኬቱ መጀመሪያ ስዴሮትን፣ በ2008 አሽዶድንና ቤርሼባን፣ በ2012 ቴል አቪቭን፣ በ2014 የሐይፋን አካባቢ ደረሰ። ሮኬቱን ያስረዘመው አጸፋው ነው አልልም። ያላሳጠረው መሆኑን ግን ማንም ቆጥሮ ሊያየው ይችላል።

ኦክቶበር 7 ላይ ወደ 1,200 ሰው ተገድሎ 251 ሰው የታገተው ሐማስ ቀድሞ በበቂ ስላልተመታ ነው የሚለውም አያስኬድም። ሐማስ ተደጋግሞ ተመትቷል። በዚያ ጠዋት የጎደለው ጥበቃ ነው። ናሓል ዖዝ የነበሩት የመከታተያ ስክሪን ተመልካች ሴት ወታደሮች አጥሩ አጠገብ ያዩትን ልምምድ ለወራት ሪፖርት ሲያደርጉ ችላ ተባሉ። ከ2018 ጀምሮ የኳታር ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ ሆኖ በመንግሥት ፈቃድ ጋዛ ይገባ ነበር፤ ሐማስ በጋዛ፣ አባስ በዌስት ባንክ ተከፋፍለው ከቆዩ ስለ ድንበርና ስለ መንግሥት መነጋገር አይኖርም በሚል ሐሳብ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ መደብደብና በመካከሉ ገንዘብ ማሳለፍ ትዕግሥት አይባልም። ትዕግሥት የሚጠበቅ ነገር ይፈልጋል፤ እዚህ ግን የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።

ትዕግሥት በእውነት የተሞከረበትን ጊዜ ለማየት ወደ 1991 መመለስ ይቻላል። በጃንዋሪ 18 ሌሊት የሳዳም ሁሴን ስከድ ሚሳኤሎች ቴል አቪቭና ሐይፋ ላይ መውደቅ ጀመሩ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ 40 ያህል ተተኮሱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጽሐቅ ሻሚር ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በድብቅ ታጣቂ ቡድን ውስጥ ያለፉ፣ ማንም የዋህ ብሎ የማይጠራቸው ሰው። አብራሪዎቹ ለመነሣት ዝግጁ ነበሩ። ሳዳም የሚፈልገው እስራኤል እንድትመልስና በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሚመራው ግንባር ውስጥ ያሉት የዐረብ መንግሥታት እንዲወጡ ነበር። ሻሚር አልመለሱም። ግንባሩ ሳይፈርስ ኢራቅ ከኩዌት ወጣች፤ በኦክቶበር መጨረሻም እስራኤልና ጎረቤቶቿ ማድሪድ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እኛ በሜይ ስንገባ የተቀበሉን ሰዎች መስኮታቸውን በፕላስቲክ አሽገው የጋዝ ጭንብል አድርገው ስላሳለፉት ሌሊት ይተርኩልን ነበር፤ አንዳቸውም ተዋረድን ሲሉ አልሰማሁም። «ኢራቅ ሌላ፣ ፍልስጤማውያን ሌላ» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ልክ ነው፣ ልዩነት አለው። ያም ሆኖ የማይበቀሉ መንግሥታት ይደፈራሉ የሚለውን አጠቃላይ ሕግ ያወጡት ጸሐፊው ናቸው።

ወደ ፍልስጤማውያን የሚቀርብ ምሳሌ ከተፈለገ ጁን 1 ቀን 2001 አለ። በቴል አቪቭ ዶልፊናሪየም ጭፈራ ቤት በር ላይ 21 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ታዳጊዎች፣ ተገደሉ። የቂብያው ሻሮን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ ወዲያውኑ አልመቱም። በማግሥቱ የጀርመኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዮሽካ ፊሸር አራፋትን አስጨንቀው ይዘው ተኩስ አቁም አሳወጇቸው። አልዘለቀም፤ በኦገስት ፈርሷል። ቢሆንም እነዚያ ሳምንታት የዓለም ጫና በሙሉ አጥቂው ላይ ያረፈባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ያንን ጫና ደግሞ የመጀመሪያው የአየር ድብደባ ያነሣለታል።

ስለ ሰላማውያን ሞት ጸሐፊው የጻፉት አንቀጽ አጭር ነው፤ እኔ ግን በአጭሩ ላልፈው አልችልም። ሐማስ መኖሪያ ቤቶች ሥር ዋሻ መቆፈሩና በሕዝብ መካከል መሸሸጉ ወንጀል ነው። ይህ ወንጀል የሌላውን ወገን ግዴታ አይሰርዝም፤ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 33 የጅምላ ቅጣትንና በሰላማውያን ላይ የሚፈጸም በቀልን የከለከለው ጠላትህ ሕግ ካከበረ ብቻ ብሎ አይደለም። በጁላይ 2002 ሰላሕ ሸሃዴ የተባለውን የሐማስ ጦር አዛዥ ለመግደል ጋዛ ከተማ በሰው የታጨቀ ሰፈር ላይ አንድ ቶን ቦምብ ተጣለ፤ ሰውየው ሲሞት ከ12 የማያንሱ ሌሎች ሰዎችም ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በሴፕቴምበር 2003 የእስራኤል አየር ኃይል 27 አብራሪዎች እንዲህ ያለ ተልእኮ አንበርም ብለው ፈረሙ። እነዚህም ከሩቅ ሆነው የሚሰብኩ ሰዎች ነበሩ?

በዲሴምበር 15 ቀን 2023 ደግሞ ጋዛ ሹጃዒያ ውስጥ ሦስት ወጣቶች ከአንድ ሕንፃ ወጡ። ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ነበሩ፤ ፈንጂ አለመታጠቃቸው እንዲታይ። አንደኛው እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ አሥሮ ይዟል። ወታደሮቹ ተኮሱባቸው፤ ሁለቱ ወዲያው ወደቁ፣ ሦስተኛው ቆስሎ ወደ ሕንፃው ሲመለስ በዕብራይስጥ የእርዳታ ጩኸት ተሰማ፤ ሲወጣ እሱም ተገደለ። ሦስቱም ከኦክቶበር 7 ጀምሮ የታገቱ እስራኤላውያን ነበሩ። ይህ የታወቀው የእኛ ወገን ስለሆኑ ነው። ነጭ ጨርቅ የያዘ ሰው እንዲህ የሚሞት ከሆነ፣ በጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ፣ ታጣቂና ሰላማዊ ሳይለይ፣ ከሞቱት ከ60,000 በላይ ሰዎች መካከል በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሞተ ፍልስጤማዊ ስንት ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። «ተጠያቂው ታጣቂው ብቻ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ጥያቄ እንዳንጠይቅ ያደርገናል።

«የሚገባቸው ቋንቋ ጉልበት ብቻ ነው» የሚለውን የጸሐፊውን አባባል በዚያ ወገን ያሉ የበቀል ሰዎችም ቃል በቃል ስለ እኛ ይሉታል። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994 ኬብሮን ውስጥ እስራኤላዊው ሰፋሪ ባሩክ ጎልድስታይን በረመዳን የንጋት ጸሎት ላይ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን ገደለ። ሐማስ አርባቸው እስኪወጣ ጠበቀ፤ ኤፕሪል 6 ቀን አፉላ ውስጥ አውቶቡስ አጠገብ በፈነዳ መኪና 8 ሰዎች ሞቱ፤ የኬብሮን ደም መመለሻ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም በኩል ጀማሪ የለም፤ ሁሉም መላሽ ነው። በቀሉ ለፍልስጤማውያንም የተረፈ ነገር አላመጣም። በ1987 በጀመረው የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ድንጋይና የሥራ ማቆም አድማ፣ የቤት ሳሑር ነዋሪዎች በ1989 ግብር አንከፍልም ማለታቸው፣ ዓለምን ወደ እነሱ አዞረ፤ የማድሪድና የኦስሎ የሰላም ድርድሮች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የሁለተኛው ኢንቲፋዳ ቦምብ ይህን ሁሉ አጠፋ። በጁን 2002 ሳሪ ኑሴይባን ጨምሮ በርካታ ፍልስጤማውያን ምሁራን በሰላማውያን ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ይቁም ብለው በጋዜጣ ሲፈርሙ፣ በየሰፈራቸው የጠበቃቸውን ቁጣ እያወቁ ነው የፈረሙት። እነዚህን ሰዎች ጸሐፊው አያውቋቸውም ብዬ አላምንም።

የቀረው የታጋቾቹ ጉዳይ ነው። በጦርነቱ ሁሉ ጦሩ በዘመቻ በሕይወት ያስለቀቃቸው ታጋቾች 8 ናቸው። እነሱን ያወጡት ወታደሮች ጀግንነት አያከራክርም፤ አራቱ በወጡበት በጁን 2024ቱ የኑሴይራት ዘመቻ ከ270 በላይ ሰው መሞቱን የጋዛ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። በኦገስት 2024 መጨረሻ ጦሩ ራፋ ውስጥ ወዳሉበት ዋሻ ሲቃረብ አጋቾቹ ስድስት ታጋቾችን በጥይት ገደሏቸው። በኖቬምበር 2023 በአንድ ሳምንት ተኩስ አቁም የወጡት ግን 105 ናቸው፤ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2025 በነበረው ተኩስ አቁም 30 ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ ኦክቶበር 13 ቀን 2025 የመጨረሻዎቹ 20 በስምምነት ተመለሱ። ሐማስ ወደ ስምምነት የመጣው ስለተመታ ነው የሚለውን ክርክር ከነጭራሹ አልጥለውም፤ ጫና አስተዋፅኦ ነበረው። ነገር ግን በማርች 18 ቀን 2025 ድብደባው ዳግም ተጀምሮ በአንድ ሌሊት ከ400 በላይ የጋዛ ሰዎች ሲሞቱ፣ በሕይወት ከቀሩት ታጋቾች አብዛኞቹ ለመውጣት ሌላ ሰባት ወር ገደማ ጠብቀዋል።

ከእኛው ሰፈር፣ ከአሽቀሎን፣ በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ የገባ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ጋዛ ስንት ጊዜ እንደተደበደበች ከላይ ቆጥሬአለሁ፤ በአንዱም አልተመለሰም። ቤተሰቦቹ በየመሥሪያ ቤቱ በር ሲመላለሱ፣ በየሰልፉ ፎቶውን ይዘው ሲቆሙ አይተናል። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 በተኩስ አቁሙ መሠረት በቀይ መስቀል መኪና ወጣ። ጸሐፊው ይህን ሰው ያስመለሰው የትኛው አጸፋ እንደሆነ በስምና በቀን ጠቅሰው ቢመልሱልኝ፣ ያነበብኩትን ጽሑፋቸውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበዋለሁ።